እየጎደለ የሚጓዝ መድኃኒት

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. እሑድ ነበር። ዓድዋ ላይ ገና ጎሕ ሳይቀድ የተከፈተው ተኩስ የጣልያንን ጦር እየበታተነ ባለበት በዚያው ዕለት፣ ፓሪስ ውስጥ አንሪ ቤክሬል የተባለ የፊዚክስ ሊቅ ከመሳቢያው የፎቶግራፍ መስታወት አውጥቶ አጠበ። መስታወቱን በጥቁር ወረቀት ጠቅልሎ፣ የዩራኒየም ጨው በላዩ አድርጎ ፀሐይ ላይ ሊያሰጣው አስቦ ነበር። ሰማዩ ዳመነና ሳይሆንለት ቀረ። እንዲሁ መሳቢያ ውስጥ ከቶት ቀናት አለፉ። ደብዘዝ ያለ ምልክት ቢወጣ ነው ብሎ ሲጠብቅ የማዕድኑ ጥላ ቁልጭ ብሎ ታየው፤ በመካከላቸው ያስገባው ቀጭን የመዳብ መስቀልም ቅርጹ ተለይቶ ወጣ። ፀሐይ ሳይነካው ጨረር የሚያወጣው ማዕድኑ ራሱ ነበር ማለት ነው። ቤክሬል በማግስቱ ያየውን ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ አስታወቀ።

ሁለቱ ነገሮች በአንድ ቀን መዋላቸው አጋጣሚ ነው፤ ከዚያ በላይ ትርጉም ልስጠው አልልም። ቢሆንም ካንሰርን በጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር የማከምን ታሪክ በአዲስ አበባ በኩል የሚተርክ ሰው ከዚያች እሑድ ውጭ ከየት ይጀምራል? ደግሞም ዓድዋና ጨረር ብዙም ሳይቆዩ በእርግጥ ተገናኝተዋል። ቪልሄልም ሮንትገን ራጅን ያገኘው ከዚያች እሑድ አራት ወር ገደማ ቀደም ብሎ ነው። በተከታዩ ግንቦት ኔፕልስ በሚገኘው የጦር ሆስፒታል ሌተና ኮሎኔል ጁሴፔ አልቫሮ የተባለ የጣልያን ሐኪም ከኢትዮጵያው ጦርነት ቆስለው የተመለሱ ሁለት ወታደሮችን ክንድ በራጅ አይቶ የተቀበረውን ጥይት አገኘ። ራጅ የጦር ቁስለኛን ለማከም ሲውል በታሪክ የተመዘገበው የመጀመሪያው ጊዜ ይህ ነው። የእኛ ሰዎች የተኮሱት ጥይት በዓለም የሕክምና ታሪክ ውስጥ ከግኝቱ በኋላ በግማሽ ዓመት ገደማ ገባ። የእኛ ሰዎች ራሳቸው በሀገራቸው ካንሰራቸውን በጨረር ለመታከም ግን ከዚያች እሑድ በኋላ 101 ዓመት ጠበቁ።

እነዚያ ዓመታት በአውሮፓ ሲሮጡ ነበር ያለፉት። እ.ኤ.አ. በ1898 ማሪ ኪዩሪና ባለቤቷ ፒየር ራዲየምን አገኙ። ቤክሬል ትንሽ ራዲየም የያዘ ብልቃጥ በሰደርያው ኪስ ይዞ ሲዞር ቆዳው ተቃጠለ፤ ፒየርም ሆን ብሎ ክንዱ ላይ አስሮ ቁስሉን መዘገበ። ሐኪሞቹ ይህን ሲሰሙ ያሰቡት ግልጽ ነው፤ ጤነኛውን ሥጋ የሚያቃጥል የታመመውን ለምን አያቃጥልም? እ.ኤ.አ. በ1901 በፓሪሱ ሴንት ሉዊ ሆስፒታል አንሪ ዳንሎ ራዲየምን በቆዳ በሽተኞች ላይ ሞከረ። ብዙም ሳይቆይ ራዲየም የታጨቀበት ቱቦ ማኅፀን ውስጥ እስከ ማስገባት ተደረሰ። ዋጋው ግን የሚቀመስ አልነበረም። የአሜሪካ ሴቶች እ.ኤ.አ. በ1921 ለማሪ ኪዩሪ በስጦታ የገዙላት አንድ ግራም ራዲየም 100 ሺህ ዶላር አውጥቷል። እርሷም በመጨረሻ ደሟን በጎዳው በዚያው ጨረር ምክንያት ሳይሆን አይቀርም፣ እ.ኤ.አ. በ1934 አረፈች።

ጨረሩ ሴልን የሚገድልበት መንገድ ቀስ በቀስ ነው የተገለጠው። ጨረር በሴሉ ውስጥ ሲያልፍ ሴሉ የሚባዛበትን መመሪያ የተሸከመውን ዲኤንኤ ይበጥሳል። ጤነኛ ሴል የተበጠሰውን በአብዛኛው ይጠግናል። ያለ ዕረፍት የሚባዛው የካንሰር ሴል ግን ሳይጠግን ሊባዛ ይነሣና በመባዛቱ መካከል ይሞታል። ችግሩ ጨረሩ ወዳጅና ጠላት አለመለየቱ ነው። ከውጭ ሲላክ መንገዱ ላይ ያለውን ሁሉ ይነካል። ስለዚህ የሐኪሞቹ ምኞት አንድ ሆነ፤ ራሱ ወደ ዕጢው የሚሄድ፣ ሌላውን ትቶ እዚያ ብቻ የሚያርፍ ጨረር አመንጪ ነገር ማግኘት።

ማሪ ኪዩሪ ባረፈችበት ዓመት መጀመሪያ ላይ ልጇ ኢረንና ባለቤቷ ፍሬደሪክ ዦሊዮ ተራ ንጥረ ነገርን በሰው እጅ ጨረር አመንጪ ማድረግ እንደሚቻል አሳይተው ነበር። ከዚያ ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ኅዳር 1929 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ የፋሺስት ጦር አዲስ አበባን ከያዘ ስድስት ወር አልፎታል። ከተማዋን በራሱ ልክ ሊሰፋት ነድፎ ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት ሊሠራ ይዟል፤ ዛሬ ካዛንቺስ የምንለው ሰፈር ስሙን ያገኘው እነዚያን ቤቶች ካሠራው የጣልያን ድርጅት ነው። በዚያው ኅዳር በቦስተን የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ፕሬዚዳንት ካርል ኮምፕተን ፊዚክስ ለሕክምና ምን ሊያደርግ እንደሚችል ለሐኪሞች ንግግር አደረጉ። ንግግሩ ሲያበቃ የታይሮይድ ሐኪሙ ሶል ኸርትዝ አንድ ጥያቄ ጠየቀ፤ አዮዲንን ጨረር አመንጪ ማድረግ ይቻላል?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ትልቅ ያደረገው ታይሮይድ ነው። አንገት ላይ ያለችው ይህች ትንሽ ዕጢ ለምትሠራው ሆርሞን አዮዲን ስለሚያስፈልጋት ከደም ውስጥ እየለቀመች ታከማቻለች፤ ሌላው የሰውነት ክፍል ግን ለአዮዲን ብዙም ደንታ የለውም። እንግዲያው አዮዲኑ ጨረር አመንጪ ከሆነ ዕጢዋ የምትጠፋበትን ነገር በገዛ እጇ ትጎርሳለች። እ.ኤ.አ. በ1938 ግሌን ሲቦርግና ጆን ሊቪንጉድ በርክሌይ ውስጥ አዮዲን-131ን ለዩ። ከጊዜ በኋላ የሲቦርግ እናት ራሳቸው ልጃቸው ባገኘው አዮዲን ታክመው ዕድሜያቸው ረዝሟል። ኸርትዝ ደግሞ መጋቢት 22 ቀን 1933 ዓ.ም. ከመጠን በላይ የሚሠራ ታይሮይድ የነበረባትን ሴት ጨረር አመንጪ አዮዲን አጠጣ። በሳምንቱ አዲስ አበባ ከፋሺስት እጅ ወጣች።

ከዚያ የካንሰሩ ተራ መጣ። ኒው ዮርክ ውስጥ ታይሮይዱ ከዓመታት በፊት ሙሉ በሙሉ የወጣለት ሰው ታይሮይዱ እንደበዛበት ሰው ይንቀጠቀጥና ይከሳ ጀመር። ካንሰሩ ወደ አጥንቱና ወደ ሳንባው ተዛምቶ በሄደበት ሁሉ ሆርሞን ያመርት ነበር። ሳሙኤል ሳይድሊንና ባልደረቦቹ የተዛመተው ዕጢ እንደ እናቱ አዮዲን የሚለቅም ከሆነ አዮዲኑ ራሱ ያገኘዋል ብለው አሰቡ። አገኘውም። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1946 ታተመ። አምስት ዓመት ቆይቶ አዮዲን-131 በአሜሪካ መንግሥት ፈቃድ ያገኘ የመጀመሪያው ጨረር አመንጪ መድኃኒት ሆነ።

የኢትዮጵያ ደገኛ ይህን ሲሰማ እጁ ወደ አንገቱ መሄዱ አይቀርም። እንቅርት በእኛ ተራሮች ከጥንት የኖረ፣ በተረታችን ሳይቀር ጆሮ ደግፍ የተደረበበት በሽታ ነው። የደጋው አፈር አዮዲኑን ለዘመናት በጎርፍ ተሸርሽሮ አጥቷል፤ በዚያ አፈር የበቀለ እህልም አዮዲን የለውም። ታይሮይድ የሚፈልገውን ሲያጣ ያለችውን ጥቂት ለመልቀም ይሰፋል፣ ያብጣል። ያ ነው እንቅርት። አዮዲን የጠፋበት ዕጢ የሚራበው ረኃብና ሐኪሙ ካንሰርን ለመግደል የሚጠቀምበት ረኃብ አንድ ነው። እንዲያውም በሽተኛው አዮዲን-131 ከመውሰዱ በፊት ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት አዮዲን ያለበትን ጨውና ምግብ እንዲተው ይደረጋል፤ ዕጢው ተርቦ እንዲጠብቅ።

ሕክምናው ራሱ ለተመልካች ምንም አይመስልም። አንድ እንክብል ወይም አንድ ጉንጭ ፈሳሽ ነው፤ ጣዕም የለውም፣ አያምም። ከ30 እስከ 200 ሚሊኪዩሪ የሚደርሰው መጠን እንደ ካንሰሩ ሁኔታ ይለያያል። አዮዲኑ ዕጢው ውስጥ ሲገባ የሚያወጣው ቤታ የሚባለው ቅንጣት ከ2 ሚሊ ሜትር ገደማ የዘለለ ርቀት አይሄድም። ስለዚህ እዚያው ያለውን ያጠፋል፤ ጎረቤቱን ብዙም አይነካም። ከባዱ ነገር የሚመጣው ከዋጠው በኋላ ነው። በሽተኛው ራሱ ጨረር የሚያወጣ ሰው ይሆናል። ላቡ፣ ምራቁ፣ ሽንቱ ጨረር አለበት። ብቻውን ክፍል ውስጥ ይቆያል፤ ሕፃን አያቅፍም፤ እርጉዝ አትጠጋውም። ታሞ የተኛን ሰው ዘመድ አዝማድ አልጋ ከብቦ ካልጠየቀው እንደተጣለ በሚቆጠርበት ሀገር ይህ ቀላል ትእዛዝ አይደለም። ጉርሻ ክልክል፣ አንድ ሲኒ ለሁለት ክልክል። ሐኪሙ የሚያስረዳው የመድኃኒቱን ነገር ብቻ አይደለም፤ የቤተሰቡን ወግ ለጊዜው ማስቆምም የእርሱ ሥራ ይሆናል።

አሁን ወደ ካዛንቺስ እንመለስ። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1957 ቪየና ላይ ሲቋቋም ኢትዮጵያ በዚያው ዓመት አባል ሆነች። በተከታዩ ዓመት የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ተመሥርቶ መቀመጫውን አዲስ አበባ፣ ካዛንቺስ አጠገብ አደረገ፤ የአፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀለት። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ መሪዎች በዚያ አዳራሽ የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ቻርተር ፈረሙ። ለእነርሱ አቶም ማለት መጀመሪያ ቦምብ ነበር፤ ፈረንሳይ ከሦስት ዓመት በፊት የመጀመሪያ ቦምቧን ያፈነዳችው ሰሐራ ላይ ነውና። በቀጣዩ ዓመት ካይሮ ላይ አፍሪካ ከኑክሌር መሣሪያ ነፃ ትሁን ብለው አወጁ። አቶም መድኃኒትም ነው የሚለው ነገር ያኔ ብዙም አልተነሣም።

በ1960ዎቹ አጋማሽ፣ ከካዛንቺስ በታክሲ ብዙም በማይርቀው በቸርችል ጎዳና፣ በሐረሩ መስፍን በልዑል መኮንን ስም ትልቅ ሆስፒታል ተከፈተ። ከአብዮቱ በኋላ ጥቁር አንበሳ ተባለ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ የሀገሪቱን ሐኪሞች በማፍራት የሚታወቀው ይኸው ነው። ዓመታት አለፉ፤ ካንሰር ይዞት የመጣ ሰው ቢላዋና ጥቂት መድኃኒት ካልሆነ ሌላ አላገኘም። ገንዘብ ያለው ውጭ ሀገር ሄደ።

በ1986 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 79 የጨረር መከላከያ ባለሥልጣን ተቋቋመ። አዋጅ ሲነበብ ደረቅ ነው። ነገር ግን ጨረር አመንጪ ነገር ወደ ሀገር የሚያስገባ፣ የሚያጓጉዝ፣ የሚያስቀምጥ ሁሉ ፈቃድ እንዲይዝና እንዲመረመር የሚያደርግ መሥሪያ ቤት ሳይኖር ኮባልት ማስገባት ማለት አደጋ መጥራት ነው። ብራዚል ጎያኒያ ላይ እ.ኤ.አ. በ1987 ሰዎች ከተተወ የሕክምና ተቋም የሲዚየም ምንጭ አውጥተው ሲፈቱት አራት ሰው ሞቷል። በሰኔ 1987 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት መሪዎች እዚሁ አዲስ አበባ ተሰብስበው አህጉሪቱን ከኑክሌር መሣሪያ ነፃ የሚያደርገውን የፔሊንዳባ ስምምነት ጽሑፍ አጸደቁ። ስምምነቱ አቶምን ለሰላም፣ ለሕክምናም ጭምር ማዋልን የሚያበረታታ ነው። ስሙን ያገኘው በደቡብ አፍሪካ ከሚገኝ የኑክሌር ምርምር ቦታ ነው። ወደዚህ ቦታ እመለሳለሁ።

ከዚያ እ.ኤ.አ. 1997 መጣ። በአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲው ድጋፍ ጥቁር አንበሳ ውስጥ የጨረር ሕክምና ማዕከል ተከፈተ። የካንሰር ሐኪሙ ዶ/ር ቦጋለ ሰሎሞን ከጥቂት ባልደረቦቻቸው ጋር ማዕከሉን አንቀሳቀሱ። ማሽኑ ኮባልት ነው። በወፍራም እርሳስ የተሸፈነ ራስ አለው፤ በውስጡ ኮባልት-60 ተቀምጧል፤ መስኮቱ ሲከፈት ጋማ ጨረሩ በሽተኛው ላይ ይወርዳል፤ ሲዘጋ ያቆማል። መብራት ሲጠፋ ኮባልቱ አይጠፋም፤ የተወሳሰበ ኤሌክትሮኒክስም የለውም። ለእንደኛ ያለ ሀገር መመረጡ ለዚህ ነው፤ ምርጫውም ትክክል ነበር እላለሁ።

ግን ኮባልት ያረጃል። ጨረር የሚያወጣ ነገር ሁሉ ሰዓት በውስጡ ይዞ ነው የሚወለደው። ግማሹ የሚያልቅበት ጊዜ ግማሽ ዕድሜው ይባላል፤ የኮባልት-60 ግማሽ ዕድሜ 5.27 ዓመት ነው። በየወሩ አንድ ከመቶ ያህል ይደክማል። ምንጩ አዲስ ሲሆን 2 ደቂቃ የሚበቃው በሽተኛ ከአምስት ዓመት በኋላ 4 ደቂቃ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ 8 ደቂቃ መተኛት አለበት። የማሽኑ ቀን ግን ያው ቀን ነው። ስለዚህ ምንጩ በጊዜው ካልተተካ፣ ምንም ነገር ሳይሰበር፣ ማንም ሳያጠፋ፣ በቀን የሚታከመው ሰው ቁጥር ይቀንሳል። ወረፋው ግን ይረዝማል።

ወረፋው ረዘመ። ከ90 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላለው ሀገር አንድ ማዕከል ነበር። ከጎንደር፣ ከወለጋ፣ ከጅጅጋ፣ ከአርባ ምንጭ ሪፈር የተጻፈለት ሁሉ እዚያው ይመጣል። ቀጠሮው ሩቅ ይሆንና ወደ ሀገሩ ይመለሳል፤ መመለሻ ያጣው አዲስ አበባ ዘመድ ጋር ይጠጋል፤ ዘመድ የሌለው ሆስፒታሉ አጥር ጥግ ያድራል። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2008 እስከ መስከረም 2012 በማዕከሉ የታከሙ 1,059 የማኅፀን በር ካንሰር ሕሙማንን የተከታተለ ጥናት ታትሟል። ጨረር እስኪጀምሩ የጠበቁት ጊዜ መካከለኛው 3.8 ወር ሆኖ ተገኘ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ካንሰሩ ዝም ብሎ አይጠብቅም፤ መጀመሪያ ሲታዩ ሊድኑ ይችሉ የነበሩ ሴቶች ተራቸው ሲደርስ ደረጃው ከፍ ብሎባቸው ተገኙ። ያም ሆኖ ታክመው በክትትል ከቆዩት ውስጥ ሁለት ዓመት በሕይወት የመቆየት ዕድል 74 ከመቶ ገደማ ነበር። በአንድ ያረጀ ማሽን እነዚያ ሐኪሞች ያገኙት ውጤት ነው። ይህን ቁጥር ሳየው ስለ ሠሩት ሰዎች ብዙ አለመጻፉ ይገርመኛል።

  

የእንቅርቱ ነገርም በዚህ መካከል ተባብሶ ነበር። ኢትዮጵያ አዮዲን የተጨመረበትን ጨው ታገኝ የነበረው በአብዛኛው በአሰብ በኩል ነው። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሣ ያ መንገድ ተዘጋ፤ ገበያውን የአፋር ጨው ሞላው፤ ያኔ ግን አዮዲን አልነበረበትም። የ2003 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ቤቱ አዮዲን ያለው ጨው የተገኘበት አባወራ 15 ከመቶ ብቻ መሆኑን አሳየ። በዚያው ዓመት የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ቁጥር 204 ለሰው የሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት አዘዘ። ከአምስት ዓመት በኋላ በተደረገው ጥናት ከአሥር ቤት ዘጠኙ ገደማ አዮዲን ያለው ጨው ይበላ ነበር። እንቅርት ሁሉ ካንሰር አይደለም፤ አብዛኛው አይደለም። ነገር ግን አዮዲን በሚያንስበት አካባቢ ፎሊኩላር የሚባለው የታይሮይድ ካንሰር ዓይነት ድርሻ ከፍ ይላል፤ እርሱም ወደ አጥንትና ሳንባ ለመዛመት የሚቸኩል ነው። ሳይድሊን ኒው ዮርክ ላይ ያሳደደው ዓይነት።

ጥቁር አንበሳ የኑክሌር ሕክምና ክፍልም አለው። በዚያ በዋናነት የሚሠራው ቴክኒሺየም በተባለ ንጥረ ነገር የዕጢና የአጥንት ፎቶ በጋማ ካሜራ ማንሣት ነው። የቴክኒሺየም ግማሽ ዕድሜ 6 ሰዓት ነው፤ የሚፈልቅበት ሞሊብዲነም ደግሞ 66 ሰዓት። በየሳምንቱ ገደማ በአውሮፕላን መምጣት አለበት። አዮዲን-131ም እንዲሁ፤ ግማሽ ዕድሜው 8 ቀን ነው። ፋብሪካው ውስጥ የተለካው መጠን በየቀኑ 8 ከመቶ እየጎደለ ይጓዛል። የውጭ ምንዛሪ እስኪፈቀድ፣ የባንክ መተማመኛ ሰነዱ (ኤልሲ) እስኪከፈት የሚያልፈው ጊዜ ገና ሳይመረት ስለሆነ አይጎዳውም። ከተመረተ በኋላ ቦሌ ጉምሩክ ስምንት ቀን ቢያድር ግን ግማሹ የለም። በሌላ መድኃኒት ላይ ይህ የመጋዘን ኪራይ ነው፤ በዚህ ላይ መድኃኒቱ ራሱ ነው የሚያልቀው። ብዙ ሰው ለአዮዲን ወደ ናይሮቢ፣ ወደ ባንኮክ፣ ወደ ሕንድ የሄደው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። እንዲህ ያለውን ሕክምና የሚሰጥ ሆስፒታል ደግሞ በእርሳስ የተሸፈነ ክፍል፣ የበሽተኛውን ሽንት ጨረሩ እስኪበርድ የሚያቆይ ታንከር፣ መጠኑን የሚያሰላ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ ያስፈልገዋል።

ስለ ካንሰር በአደባባይ መናገር የተጀመረውም በእነዚህ ዓመታት ነው። ልጃቸውን ማቲዎስን በደም ካንሰር ያጡት አቶ ወንዱ በቀለ በ1996 ዓ.ም. በልጃቸው ስም ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን መሠረቱ። በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ የአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባ ተጀመረ። እስከዚያ ድረስ ከተማዋ ስንት ሰው እንደሚያማት የምታውቀው በግምት ነበር። ዩኒቨርሲቲው የካንሰር ስፔሻሊስቶችን እዚሁ ማሠልጠን ጀመረ። ቀጥሎም መንግሥት ለጥቁር አንበሳና ለክልል ሆስፒታሎች ሊኒየር አክስለሬተር የተባሉትን ማሽኖች ገዛ። እነዚህ ጨረራቸውን የሚያመርቱት በኤሌክትሪክ ስለሆነ የሚያረጅ ምንጭ የላቸውም። በምትኩ ሕንፃ፣ የማይዋዥቅ መብራት፣ መለዋወጫና መሐንዲስ ይጠይቃሉ፤ ሕንፃው እስኪያልቅ ማሽኑ በሳጥን የቆየበት ጊዜ ነበር። ከእነዚህ መካከል ጥቁር አንበሳ፣ ጅማና ሐረር ሥራ ጀምረዋል። ጅማ ከጀመረ ወዲህ የምዕራቡ ሕመምተኛ ሁሉ አዲስ አበባ መምጣት አልተገደደም። የዓለም አቀፍ ግምቶች በዓመት 80 ሺህ ገደማ አዲስ የካንሰር ሕሙማን ኢትዮጵያ ውስጥ እንዳሉ ስለሚያሳዩ ወረፋው ጨርሶ አልጠፋም።

ጥር 27 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ የዓለም የካንሰር ቀን ዕለት፣ በአፍሪካ ኅብረት የመሪዎች ጉባኤ ዋዜማ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲው ዋና ዳይሬክተር ራፋኤል ግሮሲ እዚሁ አዲስ አበባ «የተስፋ ጨረሮች» የተባለውን መርሐ ግብር ይፋ አደረጉ። ከአፍሪካ ሕዝብ ከ70 ከመቶ በላይ የሚሆነው የጨረር ሕክምና አያገኝም ተባለ። የኅብረቱ ሕንፃ የቆመው ሜክሲኮ አካባቢ፣ በቀድሞው ዓለም በቃኝ እስር ቤት ቦታ ላይ ነው፤ ከዚያ ጥቁር አንበሳ በእግር ይደረሳል። በመጀመሪያው ዙር የተመረጡት ሰባት ሀገሮች ግን ቤኒን፣ ቻድ፣ ዲሞክራቲክ ኮንጎ፣ ኬንያ፣ ማላዊ፣ ኒጀርና ሴኔጋል ነበሩ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ አንድም የጨረር ማሽን ስለሌላቸው መቅደማቸው አይነቀፍም። ቢሆንም አስተናጋጁ ከተማ እንግዳ ሆኖ መመልከቱ ለእኔ እንግዳ ነገር ነው። ካዛንቺስም ሜክሲኮም ለአህጉሩ ስብሰባ አዳራሽ ያቀርባሉ፤ ከስብሰባው የሚወጣው ነገር ወደ ሆስፒታሉ ለመድረስ ግን ከአዳራሹ የሚወስደውን ያን አጭር መንገድ ሁልጊዜ አይመጣበትም።

ካዛንቺስ ራሱ ከዚያ ወዲህ መልኩን ለውጧል። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ አሮጌው ሰፈር አብዛኛው ፈርሶ ነዋሪው ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። በዚያው ዓመት ጥቅምት 11 ቀን የታደሰው የአፍሪካ አዳራሽ ዳግም ተከፈተ።

መድኃኒቱም ባለበት አልቆመም። ራዲየም፣ ኪዩሪዎች ያገኙት ሳይሆን ራዲየም-223 የተባለው፣ ወደ አጥንት ለተዛመተ የፕሮስቴት ካንሰር እ.ኤ.አ. በ2013 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ሉቴሺየም-177 ከሌላ ሞለኪውል ጋር ተጣብቆ እዚያው አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2018 ለአንጀትና ለቆሽት ኒውሮኢንዶክሪን ዕጢ፣ በ2022 ደግሞ ለፕሮስቴት ካንሰር ፈቃድ አገኘ። ሐሳቡ የኸርትዝ ጥያቄ ነው። አዮዲን በተፈጥሮው ታይሮይድን ያውቃል፤ ሌላውን ካንሰር የሚያውቅ ተሸካሚ ግን ኬሚስቱ ሠርቶ ሉቴሺየሙን ያስይዘዋል። የሉቴሺየም-177 ግማሽ ዕድሜ 6.6 ቀን ነው።

ስለዚህ ጥያቄው መድኃኒቱ ከየት ይመጣል፣ በስንት ሰዓት ይደርሳል የሚለው ነው። በደቡብ አፍሪካ ፔሊንዳባ፣ መሪዎች አዲስ አበባ ላይ ያጸደቁት ስምምነት በተሰየመበት ቦታ፣ ሳፋሪ-1 የተባለ በእኛ አቆጣጠር ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሚሠራ ሪአክተር አለ። ዘረኛው መንግሥት የኑክሌር ቦምብ ምርምሩን ያካሄደበት ግቢ ነው፤ ዛሬ ከዚያ አዮዲን-131፣ ሞሊብዲነምና ሉቴሺየም ለዓለም ሆስፒታሎች ይላካል። ቤልጅየም ውስጥ ፍሌሩስ ላይ ያለው የሕክምና ጨረር አመንጪ ማምረቻ ደግሞ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ጭነት አውሮፕላን አበባችንን ከሚያራግፍበት ከሊዬዥ በመኪና ሩቅ አይደለም። ዝዋይ ላይ ማታ የተቆረጠ ጽጌረዳ ሳይጠወልግ አውሮፓ እንዲደርስ ጉምሩኩም፣ ቀዝቃዛ መጋዘኑም፣ አብራሪውም ተናበው መሥራት ከለመዱ ዓመታት አልፈዋል። ከጆሃንስበርግ ቦሌ ስድስት ሰዓት አይሞላም፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ አዮዲኑ የሚጎድልበት ሁለት ከመቶ ገደማ ብቻ ነው።